የአያ እንድሪስ አፈር

አያ እንድሪስ ያረፉ ዕለት ጧት እኔ ዘንዘልማ አዲሱ ግቢዬ ውስጥ ተንበርክኬ ነቀዝ እለቅም ነበር። ማታ ለሁለት የሰነጠቅሁትን የሙዝ ግንድ ከሙዜ ሥር ደፍቼው አድሬ ነበር። ሲነጋ ገለበጥሁት፤ ከሥሩ የተሸጎጡትን ጥቋቁር ነቀዞች እያነሣሁ የሳሙና ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ እጥላለሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። "ይኸ ተንኮለኛ ነው፣ ሲነኩት ይሞታል፣ ዘወር ሲሉ ይነሣል፤ እንዳታምኝው" ይሉኝ የነበረው ትዝ ብሎኝ ለብቻዬ ፈገግ እንዳልሁ ስልኬ ጮኸ።

የደወለችው ልጃቸው መዲና ናት። "ትርንጎ፣ አባዬ ሄደ" አለችኝ። የንጋቱን የሱብሒ ሶላት ሰግደው፣ ትንሽ ልጋደም ብለው፣ በዚያው ነው። ሕመም የለ፣ ጭንቅ የለ። እጄን ታጠብሁ፣ ነጠላዬን ለበስሁና ባጃጅ ተሳፈርሁ።

አለቀስሁ። ግን እውነቱን ልናገርና፣ ከዘንዘልማ ዓባይ ማዶ እስክደርስ ግማሹን መንገድ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ባለ ባጃጁ በመስታወቱ እያየ ግራ ገብቶት ነበር። እሳቸውን እያሰቡ ዝም ብሎ ማዘን የማይሆን ነገር ነው።

ዓባይ ማዶ በሚባለው የሐይቅ ዳር ሰፈር ሳለሁ ከአያ እንድሪስ ጋር አጥር ለአጥር ነበርን። ጀልባ ሠሪ ናቸው። በወጣትነታቸው ከደንገል ሣር ታንኳ አስረዋል፤ ኋላ ወደ እንጨቱ ዞረው የስንቱን ዓሣ አስጋሪ ጀልባ ሠርተዋል። እኔ ሳውቃቸው ወገባቸው ከድቷቸው ሥራውን ትተውት ነበር። ሆኖም ከሐይቁ ዳር ሰዎች ጣውላ እየተሸከሙ ይመጡባቸዋል። አያ እንድሪስ ጣውላውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። ደህና ከሆነ "ሂድ ሥራበት" ነው። ትል የበላው ከሆነ ግን ጆሯቸውን ሳያነሡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እዚህ ውስጥ ሰው አለ" ይላሉ። ይህችን ቀልድ መቼም አይሰለቿትም፤ የሚሰማቸውም አይሰለችም።

ረጅም፣ ከሲታ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሰው ነበሩ። ሲናገሩ አይቸኩሉም፣ ሲሰሙም አይቸኩሉም። እኔን ማብሸቅ ይወዳሉ። መጀመሪያ የተከልሁት ቃሪያ ሁሉ ሲደርቅብኝ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው "ስምሽ ፍሬ፣ እጅሽ በጋ፤ እንዴት ነው የተገናኛችሁት?" አሉኝ። እንዲህ ብለውኝ ሲያበቁ ነው ጓሯቸው ገብተው የሙዝ ችግኝ ነቅለው ያመጡልኝ።

ይህ የሙዝ ነገር ታሪክ አለው። ባለቤታቸው ዘይነባን እኔ አልደረስሁባቸውም፤ ሰፈሩ ከመግባቴ በፊት አርፈዋል። ዘይነባ ከሐይቁ ማዶ ሙሽራ ሆነው በታንኳ ሲመጡ፣ አባታቸው ከጓሯቸው አንድ የሙዝ ችግኝ ከነአፈሩ ነቅለው፣ በኬሻ ጠቅልለው እግራቸው ሥር አስቀመጡላቸው። ሙሽራዋ ሙዙን ከነአፈሩ እዚህ ተከሉት። አደገ፣ ወለደ፣ ጓሮውን ሞላ። ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ሰው ጎጆ ሲወጣ፣ ሙሽራ ሲገባ፣ ከሌላ አገር የመጣ ተከራይ ግቢ ሲይዝ፣ ከዚያ ሙዝ አንድ ልጅ ከነአፈሩ በኬሻ ተጠቅልሎ ይሄድለታል። ዘይነባ ካረፉ በኋላ ደግሞ አያ እንድሪስ ነገሩን እንደ አደራ ያዙት። "ዘይነባ አፈሯን ይዛ መጣች፣ አንድ ቀን እንኳ ልመለስ አላለችም" ይላሉ። "ተክልም ሰውም አፈሩን ይዞ ከሄደ አገር ይለምዳል።"

እኔም ለመድሁ። የደረቀው ቃሪያዬ ያለበት ቦታ ላይ ሙዙ በቅሎ ጥላ ሆነልኝ።

በዚያው ሰሞን ከእኛ በታች ባለው መንገድ አስቴር የምትባል ሴት ከአርባ ምንጭ መጥታ ቤት ተከራየች። ባሏ ፋብሪካ ተቀጥሮ ነው የመጡት። አያ እንድሪስ እንደ ልማዳቸው ችግኙን በኬሻ ጠቅልለው፣ እኔን አስከትለው ሄዱ። አስቴር ደስ ብሏት በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። ከዚያም እዚያው ዓይናችን እያየ ኬሻውን ፈታችው፣ ችግኙን ቧንቧው ሥር ይዛ አፈሩን ሙልጭ አድርጋ አጠበችው፣ ቢላዋ አምጥታ ሥሮቹን ቆራረጠች፣ ከመሬት በታች ያለውን እንደ ድንች ያበጠውን ክፍል ነጭ እስኪሆን ላጠችው።

አያ እንድሪስ ቆመው ቀሩ። "ምን አደረግሽ፣ ልጄ?" አሉ።

"አጠብኩት አባባ" አለች አስቴር፣ ምንም ሳይመስላት። "እኛ አገር ሳይላጥ አይተከልም። አባቴ ሳይልጥ የተከለ ሰው ካየ ይቆጣል።"

ደህና ዋይ ብለዋት ወጡ። መንገድ ላይ ስንመለስ ግን "የዘይነባን አፈር ቦይ ውስጥ ደፋችው" አሉኝ። እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። አስቴርን ሲያገኙ ሰላም ማለት አልተዉም፤ ጨዋ ሰው ናቸው። ግን ከሰላምታ አያልፍም። እሷ የመጀመሪያው ዘለላ ሲደርስላት ለዒድ ሙዝ በሳህን ላከችላቸው። "ጥርሴን ያመኛል" ብለው መዲናን አበሏት። ሙዝ ለጥርስ የሚከብደው ለእሳቸው ብቻ ነው ብላ መዲና ስትስቅባቸው ጭራሽ አኮረፉ። እኔ ለማስታረቅ ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። አስቴርም በምን እንዳስቀየመቻቸው ሳታውቅ ዓመታት አለፉ።

ከዚያ ሙዞቻችን መውደቅ ጀመሩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከሐይቁ ነፋስ በመጣ ቁጥር አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ሙዝ ከነዘለላው ተዘርሮ ያድራል። ያልወደቀውም ቅጠሉ ይገረጣል፣ ፍሬው እንደ ጣት ይቀጥናል። ሁሉም የየራሱን ምክንያት አመጣ። አንዱ ነፋሱ ነው አለ፤ አንዱ ፍልፈል ነው ብሎ ጉድጓድ ሲፈልግ ዋለ። እማማ ጥሩነሽ የሚባሉት ከፊት ለፊቴ ያሉት አሮጊት ደግሞ "ዓይን ነው" ብለው ግንዱ ላይ አሮጌ ጫማ አንጠለጠሉ። እኔም አመድ ከመርሁበት። የእኔ ሙዝ አመዱን እንደያዘ ወደቀ።

አያ እንድሪስ መጡ። የወደቀውን ትተው ያልወደቀውን በትከሻቸው ገፋ አደረጉት። እንደ ሰከረ ሰው ተወዛውዞ ተጋደመ። አንጓቸውን አዙረው ግንዱን ኳ ኳ አደረጉ፤ ቀልዷን ግን አልተናገሯትም። ከዚያ ዶማ አስመጥተው ሥሩን አወጡና ያን ድንች መሰል ግርጌውን በመጥረቢያ ለሁለት ፈለጡት። ነጭ መሆን የነበረበት ውስጡ በጥቁር ቦይ ተቦርቡሯል። በየቦዩ ነጭ፣ እግር የሌለው፣ ራሱ የቀላ ወፍራም ትል ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

"ነፋስ ጥርስ የለውም" አሉ አያ እንድሪስ። "ነገርን ከሥሩ ማየት ነበረብን።"

በማግሥቱ አንዲት የግብርና ባለሙያ አስጠራን፤ ወጣት፣ ትሑት ልጅ ናት። ሰፈሩ እማማ ጥሩነሽ ግቢ ተሰበሰበ። ልጅቱ የበሰበሰ ግንድ ገልብጣ የትሉን እናትና አባት አሳየችን፤ ጥቁር፣ አፉ እንደ ኩምቢ ወደፊት የቀጠነ ነቀዝ። እህል የሚበላውን ነቀዝ ይመስላል፣ ግን እሱን ያስንቃል። ቀን ይደበቃል፣ ማታ ይወጣል። እንቁላሉን ሙዙ ግርጌ ይጥላል፣ ትሉ ወደ ድንቹ ሰርስሮ ይገባል፣ ሙዙ መሬት የሚይዝበት ያጣል። አንዱ ጎረቤት መርዝ እንርጭ ሲል አያ እንድሪስ ባለሙያዋን ቀደሟት። "ዝናቡ አጥቦ ሐይቁ ውስጥ ነው የሚከተው። ነቀዙን ገደልን፣ ዓሣውን ምን ልንለው ነው?" ልጅቱም ሳቀችና መርዝ አያስፈልግም አለች። የታመመውን ነቅሎ፣ ከትክቶ ፀሐይ ላይ ማድረቅ፤ የተሰነጠቀ ግንድ እየደፉ ነቀዙን መልቀም፤ ንጹሕ ችግኝ ታጥቦና ተልጦ እንደገና መትከል።

ታጥቦና ተልጦ ስትል አያ እንድሪስን አየኋቸው። ወደ መሬት እያዩ ነበር።

"ደግሞ ይህ ነቀዝ እግረኛ ነው" ብላ ቀጠለች። "ከግቢ ግቢ በራሱ ብዙ አይሄድም። በችግኝና በአፈር ሰው ነው የሚያዞረው። ችግኛችሁን ከየት ነው ያመጣችሁት?"

አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ አጥሩን ያያል። እማማ ጥሩነሽ "እንጃ፣ የቆየ ነው እቴ፣ ማን ያስታውሰዋል" አሉ። ሁሉም ያስታውሰዋል፤ ሰፈሩ ሙሉ ሊሸፍናቸው ቆርጦ ነበር።

"ከእኔ ነው" አሉ አያ እንድሪስ። "በእጄ ያላደረስሁለት ቤት የለም። ከነአፈሩ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ያደረጉትን ነው የማልረሳው። ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋ ነበር። እሳቸው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ቤት ለቤት ዞሩ። ወገባቸው ስለማይችል እኔና መዲና እንቆፍራለን፤ እሳቸው በየደጁ ቆመው "ያመጣሁላችሁ ነገር ነቀዝ ነበረበት፣ ዐውፍ በሉኝ፣ ልነቅለው ነው የመጣሁ" ይላሉ። ሰው ሁሉ አይነቅሉትም እያለ በመሐላ ይገዘታል። እማማ ጥሩነሽማ ዱላ ይዘው ሙዛቸው ሥር ቆሙ።

"የሰጡኝን ሊነቅሉብኝ? በእርስዎ ቤት ስጦታ ይመለሳል እንዴ?" አሏቸው።

"ስጦታው ሙዙ ነበር፣ ጥሩነሽ" አሉ አያ እንድሪስ። "ነቀዙ ምራቂ ነው። ምራቂውን ልወስድ ነው።"

አሮጊቷ ሳቃቸው አሸነፋቸውና ዱላውን ጣሉ። አሮጌዋን ጫማቸውን ግን ከግንዱ ላይ መልሰው ወሰዱ፤ "እሷ አልበደለችም" ብለው።

ሰፈሩን አዳርሰን ሲያበቃ የራሳቸው ጓሮ ቀረ። የዘይነባ ሙዝ። እዚህ ላይ እግራቸው ተያዘ። አንድ ቀን "ዛሬ ጁምዓ ነው" ይላሉ፣ ሌላ ቀን ወገባቸውን ያማቸዋል። መዲና አሳዘኗትና "አባዬ፣ ይቅር፣ ይህን ተወው" አለቻቸው። ቁጣቸው ያኔ መጣ። "የሰው ጓሮ ስቆፍር ከርሜ የራሴን ልተው? በየት በኩል አልፋለሁ?" አሉና እኔን ጠሩኝ።

ስንቆፍር አጠገባችን የተገለበጠች አሮጌ ጀልባ ላይ ተቀምጠው ነበር። ያወጣነውን እያንዳንዱን ድንች ተቀብለው በመጥረቢያ ይፈልጣሉ፣ ያያሉ፣ ያስቀምጣሉ። ምን እንደሚፈልጉ ገባኝ፤ አንድ ንጹሕ ልጅ ነው የሚፈልጉት። አንድ ብቻ ቢገኝ ዘይነባ በታንኳ ያመጡት ሙዝ ዘሩ አይጠፋም። ትልቁን ፈለጡ፣ ትንሹን ፈለጡ፣ ገና ከመሬት ብቅ ያለውን ጭምር ፈለጡ። ሁሉም ውስጥ ጥቁሩ ቦይ አለ። የመጨረሻውን ሲጥሉት መጥረቢያውን አብረው ጣሉት።

"አለቀ" አሉ። "እጇ የነካው ነገር አለቀ።" ዕንባቸው በቀዩ ጢማቸው ላይ ወረደ። አላበሱትም።

እኔም መናገር ፈራሁ፣ ዝም ማለትም አልቻልሁም። "አያ እንድሪስ፣ አስቴር ቤት አለ እኮ" አልሁ።

መጥረቢያውን ከመሬት አነሡ። "አውቃለሁ" አሉ። "ሰፈሩን ሁሉ ዞሬ አጥባ የተከለችውን የዚያችን ልጅ ቤት ለምን የዘለልሁ ይመስልሻል?"

አስቴር ዘንድ የሄድነው ከቀናት በኋላ ነው። የበዓል ልብሳቸውን ለበሱ። ግቢዋ ስንገባ ሙዙ እንደ ደን ሆኖ፣ ዘለላው ክብደቱ አጎንብሶት በባላ ተደግፎ ቆሟል። አያ እንድሪስ ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ሄደው በትከሻቸው ገፉት። ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛ ገፉት። ከዚያ ግንዱን አንኳኩና ጆሯቸውን ለጠፉ። እንደዚያ ሆነው በጣም ቆዩ፤ አስቴር "ምን ሆኑ?" በሚል ዓይን አየችኝ።

"ሰው የለበትም" አሉ አያ እንድሪስ። ዞር ብለው "ልጄ፣ እንግዳ ሆነሽ ስትመጪ የሰጠሁሽን መልሽልኝ ብዬ ልለምንሽ መጣሁ። ክፉ ልማድ ነው፤ ግን ቸግሮኛል" አሏት።

አስቴር አካፋ አመጣች። ከዳር የበቀለውን ጠንካራውን ልጅ መርጣ ነቀለችው። ወደ ቧንቧው ሁለት እርምጃ ሄደችና ግን ቆመች። በምን እንዳስቀየመቻቸው ያኔ ገባት መሰለኝ። ፊቷ ተለዋወጠ። ችግኙን ከነአፈሩ መልሳ ታቅፋ መጣችና "አባባ፣ አፈሩን ይዞ ይሂድ። ኬሻ አመጣለሁ" አለቻቸው።

አያ እንድሪስ ችግኙን ከእቅፏ ተቀበሉ። ራሳቸው ቧንቧው ጋ ሄደው፣ በሚያማቸው ወገብ እንደ ምንም ቁጢጥ ብለው፣ ውሃውን ከፈቱና አጠቡት። አፈሩ በጣቶቻቸው መሃል እየወረደ ቦይ ውስጥ ገባ። አጥበው ሲጨርሱ ለአስቴር ሰጧትና "በይ ላጪልኝ፤ አባትሽ እንዳይቆጣን" አሉ። አስቴር እየላጠች ታለቅስ ነበር። እኔም ሳቄና ዕንባዬ ተቀላቀለብኝ። ከመሄዳችን በፊት ሙዝ በሳህን አቀረበችልን። አያ እንድሪስ ሁለት በሉ፤ ጥርሳቸው ያን ቀን ዳነ።

የአፈሩ ነገር ግን አልወጣላቸውም። የተከሉት ሙዝ ጸድቆ ሰው ችግኝ መጠየቅ ሲጀምር፣ አንድ ቀን ጓሯቸው ስገባ ቆርቆሮ አንጥፈው፣ አፈር አስጥተው፣ እንደ በርበሬ ያገላብጣሉ። "ሙዙ በውሃ ከታጠበ አፈሩ ደግሞ በፀሐይ ይታጠባል" አሉኝ። ቆርቆሮው እጅ እስኪያቃጥል ሲግል ያን ያህል ሙቀት የሚችል ነቀዝም እንቁላልም የለም። ያን አፈር ነፍተው በጨርቅ ይቋጥራሉ፤ ታጥቦ ከተላጠው ችግኝ ጋር አንድ ጭብጥ አፈር አብሮ ይሄዳል። መጀመሪያ የሰጡት ለአስቴር ነው፤ ከሙዝሽ ሥር በትኚው ብለው። ለእማማ ጥሩነሽ ሲሰጡ "ይኸውልሽ፣ ያለ ምራቂ" አሏቸው።

እኔ ዘንዘልማ ቤት ሠርቼ ስገባ አላስቸግራቸውም ብዬ መሸንቲ ገበያ ያየሁትን ችግኝ ገዝቼ ተከልሁ። በዓመቱ ቅጠሉ ገረጣ። ሊያርፉ ሳምንት ሲቀራቸው ደውዬ ነቀዝ ነው ስላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። "ሳይቸግር ጤፍ ብድር! እኔ አለሁ አይደል? በይ የሚለቀመውን ልቀሚ፣ ከዚያ ንቀይው" አሉኝ። የመጨረሻ ንግግራችን ይህ ነው።

እቤታቸው ስደርስ ድንኳኑ ተጥሏል፣ ሰፈሩ ሞልቷል። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ወንዶቹ ወደ መቃብር ሲሸኟቸው እኛ ሴቶቹ ግቢ ቀረን። መዲና እያለቀሰች ሳለች ድንገት ተነሥታ "እሽ! እሽ!" እያለች ወደ ጓሮ ሮጠች። እኔና አስቴር ደንግጠን ተከተልናት። ዶሮ እያባረረች ነው። የዘይነባ ሙዝ ጥላው በማይደርስበት ቦታ ቆርቆሮው ተነጥፏል፤ አፈር ተሰጥቶበታል።

"ከትናንት በስቲያ ነው ያሰጣው" አለችኝ መዲና፣ ፊቷን በሻሿ እየጠረገች። "'የትርንጎ ነው፣ ዶሮ እንዳይጭረው' ብሎኝ ነበር።"

አስቴር ቁጢጥ ብላ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደች። "ከላይ ደርቋል፤ ከሥሩ ገና እርጥብ ነው" አለች።

እኔ ከጎኗ ተቀመጥሁ፤ መዲናም መጣች። ወንዶቹ ከቀብር እስኪመለሱ ድረስ በመዳፋችን አገላበጥነው።